ሦስት የአደን ቢላ ይዤ ቴክሳስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። ስለ ሁለቱም የማወራው ብዙ የለኝም። እኔ የሄድኩት ለቢላ ነበር። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን የውጭ አገር አዳኞችን ወደ ባሌና ወደ ኦሞ ይዞ የሚሄድ ድርጅት ውስጥ ሹፌር ነበርኩ። ጓደኛዬ ታምራት በዚያው በአደን ካምፑ ቆዳ ገፋፊ ነበር። አንድ ድንኳን ውስጥ ተኝተናል፣ አንድ ሳህን ላይ በልተናል። አንድ ጊዜ አንድ አሜሪካዊ አዳኝ ወደ አገሩ ሲመለስ የወገቡን ቢላ ፈትቶ ሰጠኝ። ጥቁር እጀታ ያለው፣ ከባድ፣ ደስ የሚል ቢላ ነበር። አመሌ ከዚያ ጀመረ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች አንድን የአደን ቢላ በብዛት ያመርታሉ። አንዳንዴ ደግሞ የአዳኞች ማኅበር ወይም አንድ ትልቅ ሱቅ ለብቻው ሲያዛቸው፣ ያንኑ ቢላ እጀታውን በአጋዘን ቀንድ አድርገው፣ ወይም ስለቱ ላይ ሥዕል ቀርጸው ጥቂት ብቻ ይሠራሉ። ከዚያ አይደግሙትም። ሰብሳቢ የሚባል ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው እነዚያን ጥቂቶች ሲፈልግ ነው። እኔም እንደዚያው።

ታምራት ዲቪ ደርሶት ሌዊስቪል ገባ። ከዳላስ በስተሰሜን ነው፤ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። በልዩ ትዕዛዝ የተሠሩትን ቢላዎች እየፈለገ እየገዛ በሚመጣ ሰው የሚልክልኝ እሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሂሳቡን እዚህ ለእናቱ እሰጣለሁ። በየእሁዱ እንደዋወላለን። ባለቤቴ አስቴር ከሞተች በኋላ ከማንም ጋር ረዘም አድርጌ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነበር። ፎርት ዎርዝ ውስጥ በየዓመቱ የቢላ ሰብሳቢዎች ትርኢት እንዳለ የነገረኝም እሱ ነው። ቪዛ አግኝቼ እመጣለሁ ስለው፣ «ቢላዎቹን ግን አታምጣ፤ ኤርፖርት ላይ ያስቸግሩሃል» አለኝ። እኔ ግን ከሁሉ የምወዳቸውን ሦስቱን መርጬ፣ በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ሐሙስ

ዳላስ ኤርፖርት ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣዬን የከፈተው ፈታሽ መጀመሪያ ያገኘው ቢላውን ሳይሆን ሽሮውን ነው። ሰናይት፣ የታምራት ሚስት፣ ሽሮና በርበሬ ይዤላት እንድመጣ አደራ ብላኝ ነበር። ሁለቱም መንገድ ላይ ፈንድተው ካልሲዎቹ፣ ሸሚዞቼ፣ የቢላዎቹ ሰገባ ሳይቀር ቀይና ቢጫ ሆኗል። ፈታሹ ጓንቱን እያራገፈ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ምግብ ነው» አልኩት። ቢላዎቹን ዓይቶ «የአደን?» አለ፤ ራሴን ነቀነቅኩ፤ «ቆንጆ ናቸው» ብሎ ሻንጣውን ዘጋልኝ። አገር ሳልገባ የመጀመሪያውን አድናቆት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ታምራት ወፍሯል፣ ጸጉሩ ሸሽቷል። አቅፎ ሳመኝና አልለቅ አለኝ። «ግርሜ! መጣህ? እውነት መጣህ?» እያለ ዓይኑን ጠረገ። መንገዱ ከመንገድ በላይ፣ ያም ከሌላ መንገድ በላይ ነው። ከሐዋሳ ሻሸመኔ በሚያስኬድ ጊዜ ቤቱ ደረስን፤ ግን አንድም ሰው በእግሩ ሲሄድ አላየሁም። እኛ ጋ ያን ያህል ርቀት ስትሄድ ፍየል፣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት፣ የተገለበጠ ባጃጅ ታያለህ። እዚያ መኪና ብቻ ነው።

ሰናይት በር ላይ ጠበቀችኝ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። የፈነዳውን ሽሮ ሳሳያት ሳቀች። «ጋሽ ግርማ፣ የተረፈውን በወንፊት እንነፋዋለን፤ አይጨነቁ» አለችኝ። እውነትም ነፋችው፤ ማታ እሱን በላን። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አነጠፉ። ብለምን፣ ብቆጣ አልሰሙኝም።

ቢላዎቹን ሳወጣ ታምራት ፊቱ ልውጥ አለ። «አምጥተሃቸዋል እንዴ?» አለ። «ታዲያስ፣ ትርኢቱ ላይ ሳላሳያቸው?» አልኩት። «ኦኬ... ኦኬ» አለና ሻይ ሊያፈላ ተነሣ።

ዓርብ

ታምራት ሥራ ነበር። ሰናይት ከሥራ ፈረቃዋ በፊት ፕሌኖ ወደሚባል ጎረቤት ከተማ ወሰደችኝ፤ አስተማሪ የነበረች ወዳጅዋ ሰፊ ቤት አላት፣ ምሳ አበላችን። ሳሩ ሁሉ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፣ የሚረግጠው ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቤት ስቀር ቢላዎቹን ከበርበሬው አጸዳኋቸው። ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ይኖራል ብዬ በሩን ብሞክረው ተቆልፏል። እኛ ጋ ጋራዥ መኪና የሚጠገንበት ነው፤ እዚያ ግን የቤቱ አካል ነው፤ ታምራት መኪናውን ደጅ ስለሚያቆም ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ማታ ስጠይቀው «ዕቃ ተከምሮበት ነው፤ መግቢያ የለውም» አለኝ። ምንም አልመሰለኝም።

ቅዳሜ

ፎርት ዎርዝ ትርኢቱ በር ላይ ስንደርስ ታምራት ወገቤን አመመኝ አለ። «አንተ ግባ፤ እኔ ፓርክ ላድርግና መኪና ውስጥ ልጋደም። ስትጨርስ ኮል አድርግልኝ።» ያን ያህል መንገድ ነድቶ በር ላይ መቅረቱ ገረመኝ፤ ግን መጋዘን ውስጥ ሲያነሣ ሲጥል የሚውል ሰው ወገቡ ቢያመው ምን ይገርማል?

አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ጋር ተያይዞ፣ በየጠረጴዛው ላይ ቢላ ተደርድሮ። በሥዕል ብቻ የማውቃቸውን እጄን ዘርግቼ መንካት ቻልኩ። ገበያ ነው፤ ግን እንደ እኛ ገበያ የሚጮህ የለም፤ የሚከራከርም የለም። ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሽማግሌዎች ቢላ አንሥተው ወደ መብራቱ ያዞሩና መልሰው በቀስታ ያስቀምጣሉ። አስቴር ብታየኝ ብዬ አሰብኩ። ምን እንደምትለኝም አውቀዋለሁ፤ «በቃ ደስ አለህ?» ነበር የምትለው።

አንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ላይ ቆምኩ። ስሟ ሚስ ጆይስ ነው፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ባሏ ሰብሳቢ ነበር፤ ሲሞት እሷ ቀጠለችበት። ከሐዋሳ መምጣቴን ስነግራት ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አስቀመጠችኝ፣ በዳቦ መሐል የገባ ሥጋዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። አገር ቤት እንግዳ እንዲህ ነው የሚያዘው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ሦስቱን ቢላዎች አወጣሁላት።

ባለ ቀንዱን መጀመሪያ አነሣች። የሁሉም ቁንጮ እሱ ነበር፤ አስቴር በሞተች ሰሞን ታምራት የላከልኝ። ከሰገባው ስትመዝዘው የቀረው በርበሬ አፍንጫዋ ገባና ደጋግማ አስነጠሰች፤ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መነጽሯን አደረገች። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይህን ከየት አገኘኸው?» አለችኝ።

«ጓደኛዬ ገዝቶ ላከልኝ።»

ከመስታወት ሣጥን ውስጥ ሌላ ቢላ አወጣች። ያው ቢላ ነው። ያው ቀንድ፣ ያው ስለት፣ ያው የተቀረጸ አጋዘን። ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «ይህ የማይሸጥ ነው፤ የባለቤቴ ነው። አንተው እየው» አለችኝ።

አየሁ። መጀመሪያ ምንም ልዩነት አልታየኝም። ከዚያ በጣቷ አሳየችኝ። የሷ ላይ ስለቱ የተቀረጸው ከመወልወሉ በፊት ነው፤ የኔ ላይ የመወልወያው ጭረት ከሥዕሉ ሥር አለ፣ ማለትም ሥዕሉ የመጣው ኋላ ነው። ፋብሪካው ከስሙ አጠገብ የሚያደርጋት የዓመት ምልክት የኔ ላይ ይህ ትዕዛዝ ከተሠራ በኋላ ብዙ ዘግይቶ የመጣውን ዓመት ነው የምታሳየው። በመጨረሻ ትንሽ ሐምራዊ መብራት አውጥታ የእጀታው ቀንድና ከስለቱ ጋር የሚያያይዘው ናስ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አበራች። የሷ ጨለማ ነው። የኔ ዙሪያውን እንደ ቀለበት አበራ። «የአሁን ዘመን ሙጫ ነው፤ የድሮው አያበራም» አለች።

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

ሁለቱንም አየቻቸው። ጊዜ ወሰደች፤ ምናልባት አንዱን እንኳ ልታድንልኝ ፈልጋ ይሆናል። ከዚያ መብራቱን አጠፋችና እጄን ያዘችኝ። «ሦስቱም እንዲህ ሆነው ከፋብሪካ አልወጡም። ተራ ቢላ ናቸው፣ ሌላ ሰው ለውጧቸዋል። የሠራቸው ሰው ግን እጁ ጥሩ ነው። ብዙ ደክሞባቸዋል።»

ግማሽ ዳቦው እጄ ላይ ነበር። መጣል ነውር መሰለኝ፤ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ወደ መኪናው ስመለስ ያሰብኩት ስለ ታምራት ነበር። ምስኪን፣ እሱንም አታለውታል አልኩ። ስንት ዓመት ለእኔ ብሎ ሲለፋ፣ ሻጮቹ ሲጫወቱበት! ብነግረው ይሰበራል። ስለዚህ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ወደዷቸው» አልኩት። መሪውን በሁለት እጁ ያዘና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። የወገቡ ሕመም መስሎኝ አዘንኩለት።

እሁድ

የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ የቆየ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ተደርድሮ፣ መድረክ ተሠርቶለት። ታምራት ቆሞ «ከሐዋሳ የመጣ ወንድሜ ነው፤ በደጉም በክፉውም አብሮኝ የኖረ» ብሎ አስተዋወቀኝ፤ ሰው አጨበጨበ። ከጸሎቱ በኋላ አንዷ ሳህን ስትሞላልኝ፣ ሌላው ለምሳ ሲጋብዘኝ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል የዳላስ ሰፈር የሚኖር አንድ አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ስለ ሐዋሳ እየጠየቀ ሲያስለቅሰኝ ቆየን። ቢላዎቹን ለጥቂት ሰዓት ረሳኋቸው።

ቤት እንደገባን ታምራት ኦቨርታይም ተጠርቶ ሄደ። ሰናይት እራት ልትሠራ ተነሣችና «ጋሽ ግርማ፣ ውኃ አልቆብኛል፤ ከጋራዥ አንድ ካርቶን ያመጡልኛል?» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

ከፈትኩ። መብራቱን አበራሁ። የተከመረ ዕቃ የለም። ወለሉ ተጠርጓል። ግድግዳውን ተከትሎ የሥራ ጠረጴዛ አለ፤ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ፣ ሞረድ፣ መብሻ ትራፓኖ፣ ክምር የብርጭቆ ወረቀት። በአንድ ሣጥን ውስጥ የአጋዘን ቀንድ ተቆራርጦ ተቀምጧል። በሌላው የናስ ቁርጥራጭ። ሞርሳው ላይ እጀታው የወለቀ ቢላ ተጠምዷል፤ አጠገቡ ለእሱ የሚሆን ቀንድ ግማሽ ድረስ ተሞርዷል። እጀታ የሌለው ቢላ እርቃኑን የቀረ ሰው ይመስላል።

ስቆይባት ሰናይት መጣች። «አላገኙትም? ከሥር ነው» አለችና ዓይኔን ተከትላ ጠረጴዛውን አየች። ፈገግ አለች። «ወርክሾፑን አላሳየዎትም? የእርስዎን ቢላዎች የሚሠራው እኮ እዚህ ነው። ከሥራ ደክሞ መጥቶ እንኳ አይተዋቸውም። ተው ተኛ ስለው "የግርማ ነው" ይለኛል።»

ምንም አላወቀችም። የማዘው እኔ፣ የሚሠራው እሱ፣ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ መስሏት ኖሯል። ፊቴን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። «ምነው? ጥፋት ተናገርኩ?» አለችኝ።

«አይ፣ ምንም» አልኳት። የውኃውን ካርቶን ተሸክሜ ገባሁ።

ሰኞ

ታምራት እረፍት ወስዶ የሌዊስቪልን ሐይቅ ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ። ከሐዋሳ ሐይቅ ይሰፋል፤ ግን ዓሣ የሚያወጣ ታንኳ የለም፣ በመረብ ዙሪያ የሚጨቃጨቅ የለም፤ ባዶ ውኃ ነው። የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ጋራዡን አየሁት» አልኩት።

«ሰናይት ነግራኛለች» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። «ሶ... ቅዳሜ ትርኢቱ ላይም አውቀሃል ማለት ነው።»

«ቅዳሜ የተታለልከው አንተ መስለኸኝ ነበር። አንተን ላለማሳዘን ነው ዝም ያልኩት።»

ይህን ስለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አስቴር ስትሞት» አለ በመጨረሻ፣ «ኮል ሳደርግልህ አታወራም ነበር። "አለሁ" ትላለህ፤ ከዚያ ጸጥ። መስመሩ የተቋረጠ እየመሰለኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" እላለሁ። ፈራሁ ግርማ። አንድ ቀን ስለዚያ ስለ ባለ ቀንዱ ቢላ አነሣሁብህ። አወራህ። ድምፅህ ተመለሰ። እፈልግልሃለሁ አልኩህ። ማለቴ፣ እውነት ፈለግኩ! የሚሸጥ ባገኝም ዋጋው በእኔ አቅም የሚነካ አልነበረም። ከዚያ ተራውን ገዛሁና እጀታውን አወለቅኩ።»

«እሱ አንድ ነው። የቀሩትስ?»

«እንደወደድከው ስሰማ ደስ አለኝ። ሌላም ጠየቅከኝ።» ጠጠር አንሥቶ ወደ ውኃው ወረወረ። «ደግሞ አልዋሽህም፤ ገንዘቡም ያስፈልገኝ ነበር። የእማዬ መድኃኒት ነበር።»

«ለሌላ ሰው ሸጠሃል?»

«ለማንም!» አለ፣ የተሰደበ ይመስል። «ለአንተ ብቻ ነው የሠራሁት።»

ለሌላም ሸጫለሁ ቢለኝ በቀለለኝ ነበር። ሌባ ነው ብዬ እገላገል ነበር። ይህኛውን ግን የት እንደማደርገው አላወቅኩም።

አስቴርን ቀብሬ ቤት ባዶ ሲሆንብኝ፣ እነዚያን ቢላዎች አውጥቼ አንዱን ከሌላው እያስተያየሁ ነበር የምውለው። ይህ ከዚያ በዚህ ይለያል፣ ያ ከዚህ በዚያ። የዚያን ጊዜ ዓለም ላይ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ይህን ለታምራት አልነገርኩትም። ቢገባውስ ምን ያደርግልኛል? የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤት ካሉት ትክክለኞቹ የትኞቹ ናቸው? ንገረኝና አገሬ ስገባ ልለያቸው።»

ደስ አለው፤ የሚክሰኝ ነገር ያገኘ መሰለው። ጣቱን እያጠፈ ጀመረ። «ያ ትንሹ፣ ነጭ አጥንት እጀታ ያለው፣ እሱ ትክክል ነው፤ ከአንድ ሽማግሌ ነው የገዛሁት። አረንጓዴውም... አይ ቆይ። የአረንጓዴውን እጀታ ቀይሬዋለሁ መሰለኝ። ወይስ ያ ሌላው ነው? ባለ ሥዕሉ...» ጣቱ መሐል ላይ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ እንደገና ተሳሳተ። አሁን ነጩንም ተጠራጠረው። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ ጣለው።

«አላስታውስም» አለ። «እየሠራሁ እየሠራሁ እኔም ጠፋብኝ።»

ተነሥተን ወደ ቤት ተመለስን። እራት ላይ ሰናይት የሆነውን ሁሉ ሰምታ ዓይኗ ቀልቷል። ሳህኔን እየሞላች «ጋሽ ግርማ፣ ጥፋቱ ጥፋት ነው። ግን ፋብሪካ ከሠራው በገዛ እጁ የሠራልዎት አይበልጥም?» አለችኝ። ልታስታርቀን ነው፤ ልቧ ደግ ነው። ይበልጣል ማለት ፈለግኩ። ግን እንጀራዬን ጠቀለልኩ።

ማክሰኞ

ከመነሳቴ በፊት ሦስቱን ቢላዎች ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሻንጣዬ መኪና ላይ ሲጫን ታምራት በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣቸው። «ረሳሃቸው» አለኝ። አለመርሳቴን ያውቃል። እኔም ተቀበልኩት፤ ሰናይት ቆማ እያየችን ነበር።

ሰናይት የመንገድ ምግብ ቋጥራልኝ ነበር፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ ለአውሮፕላኑ ብርድ ብላ የራሷን ሹራብ። ኤርፖርት ላይ ታምራት ሻንጣዬን እስከ ወረፋው ድረስ ገፋልኝ። ሲያቅፈኝ እኔም አቀፍኩት፤ እጄ ጀርባው ላይ ነበር፣ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። «ስትገባ ኮል አድርግልኝ» አለ። «እሺ» አልኩት።

አልደወልኩም። እሱ ደወለ፤ በደህና መግባቴን ነገርኩት፤ ሰናይትን ሰላም በልልኝ አልኩት። ሌላ የምለው ጠፋኝ። እሱም «ሄሎ?» አለ፣ እንደገና «ሄሎ?» አለ፤ «አለሁ» አልኩትና ተሰነባበትን። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

ለፋሲካ ጎረቤቶቼ በግቢያችን ቅርጫ አርደው ነበር። ቆዳ ሲገፉ ቢላቸው ደነዘና ጎረቤቴ መንግሥቱ፣ አናጢው፣ እጁ ደም እንደሆነ ቤቴ በር ላይ ቆመ። «ጋሽ ግርማ፣ ካሉህ ቢላዎች አንዱን ብታውሰን?» አለኝ። ቢላዎቹ ያሉበትን ቁም ሣጥን ከፍቼ ገለል አልኩለት። መንግሥቱ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጎንበስ አለ፤ ይነካና ይተዋል፣ እንዳያበላሽ ይፈራል።

«የትኛውን ልውሰድ?»

«የፈለግከውን» አልኩት።

አንዱን በጥንቃቄ አነሣና ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ይሄ ጥሩ ነው?»

«አላውቅም» አልኩት።